የሕይወት ኢንሹራንስ ገንዘብ ለማን ይከፈላል?

ከገለጉ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው ቆላ ሁለት ቤት ያለው ሰው ብዙ ነው። ሰሊጥ ያመጣው አዲሱ ኑሮ እዚህ፣ እናት አባትና አንዳንዴም የቀድሞ ልጆች ደጋ። እንዲህ ያለ ሰው ሞቶ ኢንሹራንስ እንደነበረው ሲሰማ ለቅሶው ሳይበርድ ክርክር ይነሳል።

«ገንዘቡ ውርስ ነው፤ ወራሾች ይካፈሉታል።»

ሁልጊዜ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 827 መሠረት ገንዘቡ ከውርሱ የሚደባለቀው ሟቹ ተጠቃሚ ሳይወስን ከቀረ ወይም በደፈናው «ለወራሾቼ» ካለ ነው። ከዚህ ውጪ የውርስ ሀብት አይሆንም። ውሉ ላይ የእህቱ ስም ካለ ልጆቹ «አባታችን ነው» ብለው አይካፈሏትም። ለሰሊጥ ያበደረውም ዕዳውን የሚጠይቀው ከውርሱ ነው። ባንክ ለትራክተር ሲያበድር ኢንሹራንሱን ለራሱ አስጽፎ ከሆነ ግን ቅድሚያው የባንኩ ነው።

«ስሟ ባይጻፍም ሚስት መቼም አትቀርም።»

ሰው የሚጎዳው ይህኛው ነው። ኑዛዜ በሌለበት ባልና ሚስት አይወራረሱም። ከጋራ ሀብቱ ግማሹን ትወስዳለች፤ እሱ ግን ድሮም የራሷ ነው። ተጠቃሚ ያልተሰየመበት ገንዘብ ውርስ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠሩት ልጆች ናቸው፤ ወንድ ሴት ሳይባል፣ ከጋብቻ ውጪ የተወለደውም ጭምር፣ እኩል። ልጅ ካለ ደግሞ ሲጦራት የኖረችው እናቱ በወራሽነት አትጠራም። አብራው ሃያ ዓመት ያረሰች ሴት ከኢንሹራንሱ ባዶ እጇን የምትቀረው በአንድ ያልተሞላ መስመር ምክንያት ነው፤ ይህን ኢንሹራንሱን የሚሸጠው ሰው ጮክ ብሎ ቢናገር ደግ ነበር።

«በሥራ ላይ ለሞተ የሚከፈለውም ያው ነው።»

አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የጥገኞች ካሳ ከውርስም ከሕይወት ኢንሹራንስም የተለየ ነው። ግማሹ ለሕጋዊ ባል ወይም ሚስት፣ 10 በመቶ ከ18 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ 10 በመቶም ይጦራቸው ለነበሩት ወላጆች ለእያንዳንዳቸው ነው። እዚህ ላይ ሚስትም እናትም አይረሱም። የእድር ገንዘብ ደግሞ በእድሩ ደንብ ይሄዳል።

«ያለ ፍርድ ቤት ወረቀት አይከፈልም» የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። የወራሽነት ማስረጃ የሚያስፈልገው ለወራሽ ነው፤ በስሙ የተሰየመ ሰው የሚጠይቀው በውሉ ነው፤ መሞቱንና ማንነቱን ያስረዳል። መቆየት ግን አይገባም፤ በንግድ ሕጉ ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ ጥያቄ የይርጋ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው።