ዊንዶውስ ሆም ላይ ጂፒኤዲት ለመክፈት ለምትፈልጉ

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ሳያሰልስ ይመጣል። የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አብራችሁ ተጭናችሁ ጂፒኤዲት ነጥብ ኤምኤስሲ ብላችሁ ስትጽፉ፣ ኮምፒውተሩ ፋይሉን ማግኘት እንዳልቻለና ስሙን በትክክል መጻፋችሁን እንድታረጋግጡ ይነግራችኋል። ስሙን በትክክል ጽፋችኋል። ቫይረስ አልገባም፣ ዊንዶውሱም አልተበላሸም። ያላችሁ ሆም ኤዲሽን ስለሆነ ነው፤ ሆም ላይ ይህ መሣሪያ አልተካተተም። ለማረጋገጥ ሴቲንግ፣ ቀጥሎ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ግቡና ኤዲሽን ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈውን አንብቡ።

ግሩፕ ፖሊሲ ከዊንዶውስ 2000 ጋር የመጣ፣ ለመሥሪያ ቤት ታስቦ የተሠራ ነገር ነው። የድርጅቱ የአይቲ ባለሙያ መቶ ኮምፒውተር ጋ እየዞረ ሴቲንግ ከሚቀይር፣ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ “ኮንትሮል ፓነል አይከፈት፣ ፍላሽ አይሰካ፣ አፕዴት በዚህ ሰዓት ይውረድ” እያለ እንዲያዝ ነው የተፈጠረው። ጂፒኤዲት የዚሁ ሥርዓት የአንድ ኮምፒውተር መቆጣጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤክስፒ ሆምና ፕሮፌሽናል ተብሎ ሲወጣ ሆም ይህን አላገኘም፤ እስከ ዊንዶውስ 11 ድረስም እንደዚያው ነው። ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝና ኤዱኬሽን ላይ አለ። ዘመድ ከውጭ የሚያመጣልን ወይም ከሱቅ የምንገዛው ለቤት አገልግሎት የተሠራ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ከነሆሙ ስለሚመጣ፣ ጥያቄው እኛ ዘንድ መብዛቱ አይገርምም።

ቴሌግራም ላይ “ጂፒኤዲት ኢኔብለር” እየተባለ የሚዞር ትንሽ ፋይል አለ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለ እሱ ነው፦ እንጫነው ወይስ ይቅር? ከመመለሴ በፊት ፋይሉ ምን እንደሚሠራ አብረን እንይ፤ ምክንያቱም ማየት ይቻላል።

ትክክለኛው ፋይል መጨረሻው ነጥብ ባት ነው። ይህ ማለት ውስጡ ተራ ጽሑፍ ነው። ዳብል ክሊክ አታድርጉት፤ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኤዲት በሉትና በኖትፓድ ይከፈት። ከአሥር መስመር ብዙም የማይበልጥ ነገር ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሰርቪሲንግ፣ በእሱ ውስጥ ደግሞ ፓኬጅስ ወደሚባለው ፎልደር ይሄዳል። እዚያ ካሉት ፋይሎች ስማቸው ግሩፕ ፖሊሲ ክላየንት ቱልስ እና ግሩፕ ፖሊሲ ክላየንት ኤክስቴንሽንስ የሚሉትን ይለቅምና ዝርዝራቸውን አንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ይጽፋል። ቀጥሎ በዝርዝሩ ያሉትን አንድ በአንድ ለዲአይኤስኤም ያስረክባል። ዲአይኤስኤም የዊንዶውስ የራሱ መጫኛ ነው። መጨረሻ ላይ ፖዝ የሚል ቃል አለ፤ ጥቁሩ መስኮት ሳታነቡት እንዳይዘጋ ነው። ይኸው ነው።

አስተውሉ፤ ከኢንተርኔት የሚወርድ አንዳች ነገር የለም። ፋይሎቹ የማይክሮሶፍት ናቸው፣ ሆም ኮምፒውተራችሁ ውስጥም ቀድሞውኑ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ፋይሉ ኢንተርኔት ቢዘጋም ይሠራል።

ከዚህ የተለየ ነገር ካያችሁ አቁሙ። መጨረሻው ኢኤክስኢ ከሆነ፣ ፓስወርድ ያለው ዚፕ ከሆነ፣ “መጀመሪያ አንቲቫይረስ አጥፉ” የሚል መመሪያ ከተያያዘ፣ ወይም ኖትፓድ ላይ ስትከፍቱት ከሆነ የኢንተርኔት አድራሻ የሚያወርድ መስመር ካለ አጥፉት። ይህን የምለው ፋይሉ እንዲሠራ “ራን አዝ አድሚኒስትሬተር” ማለት ስላለባችሁ ነው። ከዚያ በሚመጣው ጥያቄ ላይ የስ ካላችሁ በኋላ ፋይሉ የማይከፍተው በር የለም፦ ብራውዘር ላይ ያስቀመጣችሁት ፓስወርድ፣ ቴሌግራም ዴስክቶፕ መግቢያችሁን የሚያስቀምጥበት ፎልደር፣ ፎቶ፣ የሥራ ሰነድ። የቴሌግራም ፎልደሩን ቀድቶ የሚወስድ ሰው ስልክ ቁጥራችሁም ኮዱም ሳያስፈልገው በእናንተ ስም ሊገባ ይችላል። ሴቲንግ ለመቀየር ብሎ ይህን ሁሉ ለማይታወቅ ሰው ማስረከብ ያሳዝነኛል፤ በተለይ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ጨርሶ ስለማያስፈልግ።

እሺ፣ ንጹሑን ፋይል አገኛችሁ፣ ጫናችሁ፣ ጂፒኤዲትም ተከፈተ እንበል። ዛፍ የመሰለው ዝርዝር ይመጣል። አንዱን ፖሊሲ ኢኔብልድ ትሉታላችሁ፣ ኦኬ ትላላችሁ፣ ሪስታርት ታደርጋላችሁ፣ ግን ምንም አልተቀየረም። ሁለተኛው የጥያቄ ጎርፍ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጂፒኤዲት ማስታወቂያ ለጣፊ ነው፤ ማስታወቂያውን አንብቦ የሚታዘዘው ሌላ ነው። አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ በሚለው ክፍል የምትመርጡት ነገር በመጀመሪያ ሲስተም 32 ውስጥ ባለው ግሩፕ ፖሊሲ ፎልደር፣ ሬጅስትሪ ነጥብ ፖል በሚባል ፋይል ይጻፋል። ከዚያ ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን ወደሚያስቀምጥበት መዝገብ፣ ወደ ሬጅስትሪው፣ ፖሊሲስ ወደሚባለው ክፍል ይገለበጣል። በመጨረሻ ጉዳዩ የሚመለከተው ፕሮግራም፣ ኤክስፕሎረሩም ይሁን አፕዴቱ፣ እዚያ የተጻፈውን ያነባል፤ የሚታዘዘው ወይም የማይታዘዘው እሱ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም ኤዲሽኑን ሳይጠይቅ ይታዘዛል። አንዳንዱ ደግሞ “ይህ ሆም ነው” ብሎ ያልፈዋል። ለምሳሌ ፕሮ ላይ ትልልቆቹን የፊቸር አፕዴቶች እስከ 365 ቀን፣ ወርኃዊዎቹን እስከ 30 ቀን ማዘግየት ይቻላል። ይህ ለሆም የተፈቀደ ስላልሆነ ጂፒኤዲቱ ቢከፈትም ዋጋ የለውም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለእኔ ዋናው ነው። ሴቲንጉ በመጨረሻ የሚቀመጠው ሬጅስትሪ ውስጥ ከሆነና ሬጅስትሪ ኤዲተር ደግሞ ሆም ላይ ካለ፣ ሆም የሚታዘዘውን ፖሊሲ በቀጥታ እዚያው መጻፍ ትችላላችሁ። የማይታዘዘውን ደግሞ በጂፒኤዲትም አታገኙትም።

ስለዚህ “ጂፒኤዲት እንዴት ይከፈታል” ለሚለኝ ሰው መልሼ የምጠይቀው “ምን ልታደርግበት ነው?” ብዬ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው።

የመጀመሪያው አፕዴት ፓኬጅ እየበላ ነው የሚለው ነው። ገብቶኛል፤ በስልክ ሆትስፖት የምንሠራ ሰዎች የወሩ ዳታ በአንድ ሌሊት ሲያልቅ አይተናል። ለዚህ ፖሊሲ አያስፈልግም። ሴቲንግ፣ ኔትወርክና ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ ግቡና የተገናኛችሁበትን ኔትወርክ ፕሮፐርቲስ ክፈቱ፤ ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብሩ። ዊንዶውስ ከዚያ በኋላ በዚያ ኔትወርክ ላይ ለደህንነቱ የግድ ከሚያስፈልገው ትንሽ ነገር በስተቀር አፕዴት በራሱ አያወርድም። ይህ ለእያንዳንዱ ኔትወርክ ለብቻው የሚበራ ነው፦ የስልካችሁ ሆትስፖት ላይ ማብራት የቢሮውን ዋይፋይ አይነካም፣ አዲስ ስልክ ገዝታችሁ የሆትስፖቱ ስም ከተቀየረ ደግሞ እንደገና ማብራት አለባችሁ። ቀጥላችሁ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚለውን ግቡና ከሌሎች ኮምፒውተሮች ማውረድን አጥፉት። ኢንተርኔት ላይ ካሉ ኮምፒውተሮች ጋር የሚለው ከተመረጠ፣ የእናንተ ማሽን በእናንተ ዳታ ለማታውቁት ሰው የአፕዴት ቁራጭ ይልካል። ፖዝ የሚለውም ሆም ላይ አለ፤ ዊንዶውስ 11 ላይ እስከ 5 ሳምንት ማቆም ይቻላል።

ግን አፕዴትን ለዘለቄታው ዝጋልኝ የሚለኝን ሰው አልረዳም። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. ሜይ 2017 ዓለምን ሲያናውጥ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ሲደርሱ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ያልጫኑት ናቸው የተጎዱት። ያልተገደበ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ፣ መሥሪያ ቤትም ይሁን ጓደኛ ቤት፣ አፕዴቱን ራሳችሁ አስጀምሩት።

ሁለተኛው ፍላሽ ነው። ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠውን ቫይረስ የማያውቅ የለም። “ኦቶራንን በፖሊሲ ዝጋ” የሚለው ምክር ከድሮ የመጣ ነው፤ ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ አይነሳም። ሾርትከቱን ዳብል ክሊክ የምታደርገው የእናንተ ጣት ናት። እዚህ ላይ በተለይ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት ላላችሁ የምመክረው ነገር አለ፦ በእናንተ ማሽን ላይ የሚሰካ ፍላሽ ሁሉ የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ይሁን። ያኔ ማሽናችሁ ቢያዝ እንኳ ወደ ደንበኛው ፍላሽ አይተላለፍም።

አሠራሩን በዝርዝር ልጻፈው። ከሁሉ በፊት ስታርት ላይ ክሪኤት ኤ ሪስቶር ፖይንት ብላችሁ ጻፉና አንድ የመመለሻ ነጥብ አስቀምጡ። ከዚያ ሬጅስትሪ ኤዲተሩን፣ ማለትም ሬጅኤዲትን ክፈቱ። በግራ በኩል ሎካል ማሽን የሚለውን፣ ቀጥሎ ሲስተም፣ ከረንት ኮንትሮል ሴት፣ ኮንትሮል እያላችሁ ውረዱ። ኮንትሮል ላይ ራይት ክሊክ፣ ኒው፣ ኪይ በሉና ስቶሬጅ ዲቫይስ ፖሊሲስ ብላችሁ ሰይሙት፤ ሦስቱም ቃላት ያለ ክፍተት ተያይዘው ይጻፋሉ። በቀኝ በኩል ባዶው ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ 32 ቢት ዲወርድ ፍጠሩ፤ ስሙ ራይት ፕሮቴክት፣ ይህም ሳይለያይ። ከፍታችሁ ዋጋውን 1 አድርጉት። ፍላሹን ንቀሉና መልሳችሁ ሰኩ፤ ካልያዘ ሪስታርት አድርጉ። አሁን ፋይል ልትገለብጡበት ብትሞክሩ ዲስኩ ራይት ፕሮቴክትድ ነው የሚል መልእክት ይመጣል። ለደንበኛ ስካን አድርጋችሁ የምትሰጡት ነገር ካለ 0 አድርጋችሁ ትመልሱታላችሁ፣ ወይም በቴሌግራም ትልኩለታላችሁ።

ሦስተኛው ልጆች ወይም ሠራተኛ ሴቲንግ እንዳይነካኩ ነው። እዚህ ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ነገር አለ። ኮንትሮል ፓነልንና ሴቲንግን የሚዘጋው ዋጋ ኖ ኮንትሮል ፓነል ይባላል፤ ሆምም ይታዘዘዋል። የሚጻፈው ግን ከረንት ዩዘር በሚለው ክፍል ውስጥ ነው። የልጁ አካውንት ውስጥ ሆናችሁ ሬጅኤዲትን በአድሚን ፓስወርድ ከከፈታችሁት፣ “ከረንት ዩዘር” ብሎ የሚያሳያችሁ የልጁን አይደለም፤ ፓስወርዱን የሰጠውን የእናንተን ነው። ልጁን ዘጋሁ ብላችሁ ራሳችሁን ትዘጋላችሁ። ትክክለኛው ቦታ ዩዘርስ በሚለው ክፍል፣ በልጁ አካውንት ረጅም መለያ ቁጥር ሥር ነው፤ እሱም የሚታየው ልጁ ሎግኢን ባደረገበት ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ መንገድ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ቀላሉን አድርጉ። ለልጁ ስታንዳርድ አካውንት ክፈቱለት፣ የአድሚኑን ፓስወርድ ለራሳችሁ ያዙ። ሴቲንግ፣ አካውንትስ፣ አዘር ዩዘርስ። ስታንዳርድ አካውንት ለሁሉም ተጠቃሚ የሚሆን ፕሮግራም መጫን፣ የሌላ ሰው ፓስወርድ መቀየር፣ የዊንዶውስን ፋይሎች መነካካት አይችልም። ቤት ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ለአምስት ሰው፣ ሁሉም በአንድ አድሚን አካውንት ሲጠቀሙ ሳይ ከየትኛውም ፖሊሲ በፊት መስተካከል ያለበት ይህ ነው እላለሁ።

እንዲያም ሆኖ የጂፒኤዲትን ዝርዝር እያዩ መሥራት የሚቀላችሁ ካላችሁ ፖሊሲ ፕላስ የሚባል ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነጻ ፕሮግራም አለ። ሆም ላይ ይሠራል፣ እያንዳንዱ ፖሊሲ የትኛውን የሬጅስትሪ ቦታ እንደሚነካም ያሳያል፤ ለመማር ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሆም ላይ አንዳንዱ ለውጥ ሪስታርት እንደሚፈልግ፣ ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የሚወጣ ፖሊሲም እንደማይተገበር ሠሪው ራሱ በግልጽ ጽፎታል። ኮዱ የተቀመጠበት ጊትሃብ ላይ ብቻ አውርዱት።

ቀድማችሁ ጂፒኤዲቱን የጫናችሁ ደግሞ ያበራችሁትን ፖሊሲ ስትተዉት ዲስኤብልድ አትበሉ፣ ኖት ኮንፊገርድ በሉት። ዲስኤብልድ ራሱ ሌላ ትእዛዝ ነው።

ፕሮ መግዛት የሚያዋጣው መቼ ነው ለምትሉ፦ ቢሮ ካላችሁ፣ ኮምፒውተሩን ከሩቅ በሪሞት ዴስክቶፕ መክፈት ከፈለጋችሁ፣ ሙሉው ቢትሎከር ካስፈለጋችሁ ነው። ማይክሮሶፍት ስቶር ላይ ከሆም ወደ ፕሮ ማሳደጊያው 99 ዶላር አካባቢ ነው፤ ለብዙዎቻችን ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ክፍያውም ዓለም አቀፍ ካርድ ይጠይቃል። ለጂፒኤዲት ብቻ ከሆነ አትክፈሉ። በክራክ ፕሮ ማድረግንም ከላይ ያልኩት የአድሚኒስትሬተር ጉዳይ በሙሉ ይመለከተዋል፤ ክራክ ሠሪው ማን እንደሆነ አታውቁም፣ በአብዛኛው በኖትፓድ ከፍታችሁም አታነቡትም።

ከዚህ በኋላ ስትጽፉልኝ “ጂፒኤዲት አልከፈት አለኝ” ብቻ አትበሉ። ማድረግ የፈለጋችሁትን ነገር፣ ኤዲሽኑንና ዊንዶውስ 10 ይሁን 11 ጨምሩበት። ሆም የሚታዘዘው ነገር ከሆነ የሬጅስትሪ ቦታውን እልክላችኋለሁ፤ የማይታዘዘው ከሆነም በከንቱ እንዳትደክሙ ቁርጡን እነግራችኋለሁ።