ስለ ኤሌክትሪክ ፍጆታ አለካክ

በዘንገና ሐይቅ አካባቢም ሆነ በሌላው አገው ምድር፥ ኤሌክትሪክ በገባበት መንደር የሚኖር ሰው ገንዘቡን በልክ ለማዋል ቢሻ፥ የትኛው ዕቃ ብዙ፥ የትኛውስ ጥቂት ኃይል እንደሚበላ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ይህን ሳይመረምሩ ክፍያ ይበዛል በማለት የትምህርት ቤትን ኮምፒዩተር ቈልፎ ማስቀመጥ ልጆችን ከዕውቀት መከልከል ነው።

ነገሩ በውኃ ቢመሰል ይገለጣል። ከአሸንዳ ሥር የተቀመጠ እንስራ የሚሞላው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የውኃው አወራረድ ብርታት፥ ሁለተኛው የቈየበት ጊዜ ነው። ዋት የተባለው ልክ የአወራረዱን ብርታት ይመስላል፤ ቈጣሪው የሚቈጥረው ኪሎዋት ሰዓት ግን በእንስራው የተጠራቀመውን ውኃ ይመስላል። ስለዚህ የዕቃውን ዋት በሠራበት ሰዓት አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው። ዋቱም በዕቃው ጀርባ ወይም ሥር ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከፍተኛው ልክ ነው።

ለምሳሌ፥ 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢግል 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 50 ዋት የሚስብ ላፕቶፕ ግን በዚሁ ልክ 70 ሰዓት ይሠራል፤ ይኸውም በቀን 5 ሰዓት ቢማሩበት የ14 ቀን ትምህርት ነው። ባለ 10 ዋት አምፖልም 350 ሰዓት ያበራል።

የልዩነቱ ምክንያት ሙቀት ነው። ምጣድ፥ ምድጃና ካውያ ኤሌክትሪክን ወደ ሙቀት ለመለወጥ የተሠሩ ስለ ሆኑ ብዙ ይበላሉ፤ ራዲዮና ኮምፒዩተር ግን ድምፅን፥ ሥዕልንና ጽሕፈትን ለማመላለስ ስለ ተሠሩ ጥቂት ይበቃቸዋል። ክሩ እየጋለ የሚያበራው የቀድሞው አምፖልም ከአዲሱ ይልቅ ብዙ የሚፈጀው አብዛኛው ኃይሉ ወደ ሙቀት ስለሚሄድ ነው።

ይህ ስሌት ለአገርም ይጠቅማል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሙሉ ጉልበቱ 460 ሜጋዋት ነው፤ ከላይ እንደ ተነገረው ያሉ 131,000 ምጣዶች ባንድ ጊዜ ቢግሉ ግን ሊጨርሱት ጥቂት ይቀራቸዋል።

እንግዲህ መምህሩ ተማሪዎቹን ቈጣሪ ጧትና ማታ እያስነበበ ልዩነቱን ያሰላቸው፤ የቤት አባቶችና እመቤቶችም ምጣዱ ከጋለ በኋላ ሳይበርድ እንጀራውን በተከታታይ ያስጋግሩ፤ የማይሠሩበትንም ዕቃ ከሶኬት ይንቀሉ። ቍጠባ የሚጀመረው ከምጣዱ እንጂ ከተማሪው ኮምፒዩተር አይደለም።