መተኛትን እምቢ ማለት ይቻላል፣ መንቃትን ግን አይቻልም

«ክዳኑን ዘግቼ ስመለስ ዋይፋዩ የለም።» «ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ፋኑ ግን ይዞራል።» ላፕቶፑ ላይ ሊኑክስ የጫነ ሰው ከሁለቱ አንዱን ሳይል የሚቀር አይመስለኝም። ወቀሳው የሚያርፈው በሊኑክስ ላይ ነው፤ ሎጉን ገልጦ ላየ ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባው አንድ ድራይቨር አለ፣ ሃርድዌሩ ሁልጊዜ ይታዘዘኛል ብሎ ያመነ። የዛሬው ጽሑፍ ድራይቨር ለሚነካኩ ነው። ሌሎቻችሁ ወደ መጨረሻው ብትዘሉ አልቀየምም።

መጀመሪያ አካሄዱን እንይ። ከርነሉ ማሽኑን ሲያስተኛ ፕሮግራሞቹን ባሉበት ያስቆማል፤ ከዚያ በየዲቫይሱ እየዞረ የድራይቨሩን የሰስፔንድ ፈንክሽን ይጠራል። ልጅ ከወላጅ ቀድሞ ይተኛል፦ ፍላሹ፣ ቀጥሎ ሃቡ፣ ቀጥሎ የዩኤስቢ ኮንትሮለሩ። ሲነቁ የሪዙም ፈንክሽኑ ይጠራል፣ ቅደም ተከተሉም ተገላቢጦሽ ነው።

ሰስፔንድ እምቢ የማለት መብት አለው። ድራይቨሩ ስህተት ከመለሰ ከርነሉ ማስተኛቱን ያቋርጥና ቀድመው የተኙትን መልሶ ያነቃቸዋል። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ይህን ነው፦ ስህተቱን ለመለሰው ዲቫይስ ሪዙም አይጠራለትም። በከርነሉ ሂሳብ አልተኛማ! እንግዲህ ፈንክሽናችሁ መጀመሪያ ኪዩውን አቆመ፣ ቀጥሎ ኢንተራፕቱን ዘጋ፣ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ፈርምዌሩ አልመልስ አለ፣ እናንተም የስህተት ቁጥሩን መልሳችሁ ወጣችሁ እንበል። ማሽኑ ነቅቶ ሥራውን ይቀጥላል፤ የእናንተ ካርድ ግን በግማሽ ተዘግቶ ይቀራል፣ የሚያነቃውም የለም። የዘጋችሁትን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየከፈታችሁ ነው መውጣት ያለባችሁ።

ከዚህም በላይ፣ እምቢታው ራሱ መብዛት የለበትም ባይ ነኝ። ሰውየው ክዳኑን ዘግቶ ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ ሄዷል። አንድ የካርድ አንባቢ ትእዛዝ አልቀበልም ስላለ ማሽኑ ቦርሳ ውስጥ ሲግል ሊያመሽ ነው? ዳታ የሚጠፋ ወይም ሃርድዌሩ የሚጎዳ ካልሆነ፣ «ሲነቃ ሪሴት ያስፈልገዋል» የሚል ምልክት አስቀምጡ፣ ዜሮ መልሱና እለፉ።

ሪዙም ላይ ጨዋታው ይቀየራል። ስህተት ብትመልሱም ከርነሉ ሎግ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ወደሚቀጥለው ዲቫይስ ያልፋል። ማሽኑን መልሶ አያስተኛውም፤ ድራይቨራችሁንም አያወርደውም። ፕሮግራሞቹ ይለቀቃሉ፣ ፋይሉን ይከፍታሉ፣ ፓኬት ይልካሉ፤ ካርዱ እንደሞተ የነገራቸው የለም። ለዚህ ነው የሪዙምን ስህተት መመለስ ብቻውን መፍትሔ የማይሆነው።

ሃርድዌሩ በምን ሁኔታ እንደሚጠብቃችሁም አታውቁም። ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ተቋርጦ ሬጅስተሮቹ ሁሉ ተሰርዘው ሊሆን ይችላል፤ ሰስፔንዱ መሃል ላይ ተቋርጦ ምንም ሳይነካ ሊሆን ይችላል፤ ዩኤስቢ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ነቅሎት ሄዶ ይሆናል። ሪዙም ከሦስቱም ተነስቶ መሥራት አለበት።

አንዷን ነገር ቀረብ ብለን እንያት። የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ካልነቃ ወይም ከነአካቴው ከጠፋ፣ ሬጅስተሩን ስታነቡ ስህተት አይመጣላችሁም፤ ቁጥር ነው የሚመጣው፣ 32ቱም ቢት 1 ሆኖ። አሁን «ቢዚ የሚለው ቢት ዜሮ እስኪሆን ጠብቅ» የሚል ሉፕ አስቡ። ቢቱ መቼም ዜሮ አይሆንም። ጥቁሩ ስክሪንና የሚዞረው ፋን ከእንዲህ ያለ ሉፕ ሊመጣ ይችላል። ይህ ግን ቀላሉ ነው። «ሬዲ የሚለው ቢት 1 እስኪሆን ጠብቅ» ካላችሁ ደግሞ የሌለው ካርድ ወዲያው «ዝግጁ ነኝ» ይላችኋል! ድራይቨሩ ተደስቶ ይቀጥላል፤ ቀጥሎ የሪንግ ኢንዴክስ ሲያነብ 4,294,967,295 ያገኛል፤ ያንን ይዞ አሬይ ውስጥ ከገባ የማን ሜሞሪ እንደሚበላሽ እንጃ። ስለዚህ ሉፕ ሁሉ ታይምአውት ይኑረው፣ ለዚህም ሪድኤል-ፖል-ታይምአውት አለላችሁ። የተነበበው ሁሉ 1 መሆኑንም ከምንም በፊት ፈትሹ። ኤአርኤም ቺፖች ላይ ይባስ፣ ክሎኩ የጠፋ ሬጅስተር ማንበብ ከርነሉን ክራሽ ሊያደርግ ወይም ቺፑን በሙሉ ሊያደርቀው ይችላል።

ኢንተራፕትም እንዲሁ ነው። መስመሩ የጋራ ከሆነ፣ እናንተ ቺፑን ካጠፋችሁ በኋላ በጎረቤት ዲቫይስ ምክንያት ሃንድለራችሁ ሊጠራ ይችላል። ስታተሱን ሲያነብ ሁሉም 1 ነው፣ ያለው ኢንተራፕት ሁሉ የኔ ነው ብሎ ይነሳል። ቺፑን ከማጥፋታችሁ በፊት ሃንድለሩን ዝጉት፣ የጀመረውንም እስኪጨርስ ጠብቁት።

ሪዙም በእርግጥ ካልተሳካ ምን ይደረግ? በሎክ ሥር «ሞቷል» የሚል ምልክት አኑሩ፤ መልስ የሚጠብቁትን ሁሉ ስህተት ሰጥታችሁ አሰናብቱ፤ ኔትወርክ ካርድ ከሆነ ከስታኩ ዲታች አድርጉት። ሃርድዌሩን የሚነካ ፈንክሽን ሁሉ ምልክቷን አይቶ ይመለስ። ሜሞሪ ግን ነጻ አታድርጉ! ድራይቨሩ ሲወርድ ሪሙቭ መጠራቱ አይቀርም፤ ያኔ ያንኑ ሜሞሪ ሁለተኛ ነጻ ያደርገዋል።

ስለ ራንታይም ፒኤም አንድ ነገር ብቻ፦ ጌት-ሲንክ ባይሳካም የዲቫይሱን የአጠቃቀም ቆጣሪ ከፍ አድርጎ ነው የሚመለሰው። ብዙ ድራይቨር ይህን ረስቶ ዲቫይሱ ዳግም እንዳይተኛ አድርጓል። ከከርነል 5.10 ጀምሮ ሪዙም-አንድ-ጌት የሚባለው ስላለ እሱን ተጠቀሙ።

ለመሞከር፣ ሲስ ሥር ፓወር በሚለው ፎልደር ውስጥ ፒኤም-ቴስት የሚባል ፋይል አለ፣ ከርነሉ ሲገነባ ይህ አማራጭ ከተካተተ። «ዲቫይስስ» ብላችሁ ጻፉበትና ሰስፔንድ አድርጉ፤ ድራይቨሮቹ ይተኛሉ፣ 5 ሴኮንድ ይጠበቃል፣ ይነቃሉ፤ ማሽኑ ራሱ ግን አይተኛም። ይህን አልፎ እውነተኛው እንቅልፍ ላይ ከወደቀ፣ ጥፋቱን ከድራይቨሩ ውጭ ወይም ኃይል ሲቋረጥ ብቻ በሚታይ ነገር ላይ ፈልጉ።

ምንም ሎግ ሳይተው ለሚደርቅ ማሽን ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2006 የጻፈው ፒኤም-ትሬስ አለ። ስክሪን የለም፣ ዲስክ የለም፣ ሪስታርት ሲደረግ ራምም ይጠፋል፤ የሚተርፈው የማዘርቦርዱ ሰዓት ብቻ ነው። ከርነሉ የደረሰበትን ቦታ ወደ ቁጥር ቀይሮ ሰዓቱ ላይ እንደ ቀንና ደቂቃ ይጽፈዋል፤ ቶሎ ሪስታርት ስታደርጉ መልሶ ያነብና ከቁጥሩ ጋር የሚገጥመውን ዲቫይስ ዲሜሴጅ ላይ ያወጣል። የሚሠራው ኤክስ86 ማሽኖች ላይ ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ ሰዓቱን አስተካክሉ፤ አለዚያ ብራውዘሩ የዌብሳይቱን ሁሉ ሰርተፍኬት አልቀበልም ሲላችሁ ሌላ ብልሽት መጣ ብላችሁ ትሸበራላችሁ።