ስለ ጽሕፈት፣ ስለ እርማትና ስለ ጓሮዬ አዕዋፍ

ቅዱስ ያሬድ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ከኤዶም ገነት ከተላኩለት ሦስት አዕዋፍ እንደ ተማረ አባቶቻችን ጽፈው አቆይተውልናል፤ እንግዲህ በትውፊታችን የዜማ ጥበብ መነሻው ወፍን ማድመጥ ነው ማለት ነው። እኔ በልብ ወለድ ድርሰት ሙያ የምኖር ሰው ነኝና ስለ ሰማያውያኑ አዕዋፍ መተንተኑን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ ይህ ማስታወሻ የሚናገረው ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው ጓሮዬ፣ በኮሶው፣ በወይራውና አጥሩን ተከትሎ በበቀለው ግራዋ ላይ ስለሚውሉት ምድራውያን ወፎች፣ እነርሱንም እያየሁ ስለምጽፈውና ከመጻፉ ይልቅ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድብኝ የእርማት ሥራ ነው።

ሥራዬን የምጀምረው ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ቤተ ሰቡ ገና በእንቅልፍ ላይ ሳለ ነው። ጠረጴዛዬ በጓሮ በኩል ካለው መስኮት ሥር ስለ ሆነ ከብርሃን በፊት ድምፅ ይደርሰኛል። መጀመሪያ ከግራዋው ጥሻ ውስጥ ነጭ ቅንድብ ያላትና ሆዷ የብርቱካን መልክ ያለው ወፍ ብቻዋን ታፏጫለች፤ ቀጥሎ ሰማዩ መገርጣት ሲጀምር ጋጋኖዎች ካደሩበት ዛፍ ተነሥተው ሰፈሩን ሁሉ በሚቀሰቅስ ጩኸት በጣራዎች ላይ ያልፋሉ፤ ከእነርሱ በኋላ ርግቦችና ዋኖሶች ያንጎራጉራሉ፣ ድንቢጦችም በቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ይንጫጫሉ፤ ጭላቱና ጥንብ አንሣው ግን ፀሓይ ምድሩን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ መውጣት እስኪጀምር ድረስ አይቸኩሉም፤ ክንፋቸውን ዘርግተው ሳይደክሙ የሚንሳፈፉት በዚያ በሚወጣው ሙቅ አየር ላይ ነውና። ይህን ሥርዐት ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ሰዓት ሳይመለከት ማለዳው ምን ያህል እንደ ገፋ ሊናገር ይችላል።

ጎረቤቴ የሆኑት አንዲት አረጋዊት እናት ይህን ዕውቀት ከማንም መጽሐፍ ሳይማሩት ይዘውታል። አንድ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲጣደፉ በራፍ ላይ አግኝቼያቸው፣ «እማማ፣ ምነው ዛሬ እንዲህ ተጣደፉ?» ብላቸው፣ «ተወኝ ልጄ፤ ጋጋኖው አለፈ እኮ፤ ኪዳን ሊያመልጠኝ ነው» ብለውኝ አለፉ።

በዚያን ሰሞን በእጄ ላይ በነበረው ልብ ወለድ ውስጥ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ከቀብሩ ማግስት የምትነቃበት ምዕራፍ ነበረ። በመጀመሪያው ረቂቅ፣ «ጎሕ ሲቀድ ወፎች ተንጫጩ፤ እርሷም በታላቅ ሐዘን ነቃች» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰፍሯል። ሰዋስው አልጎደለውም፣ ሐሰትም አይደለም፤ ነገር ግን በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቤት ስለምትኖር ስለ የትኛዋም ሴት ሊነገር የሚችል በመሆኑ እኔ ያሰብኋትን ሴት አያሳይም። የአረጋዊቷ ንግግር በጆሮዬ ከከረመ በኋላ ያን ዐረፍተ ነገር ሠርዤ፣ «ጋጋኖዎቹ በጣራው ላይ እየጮኹ ሲያልፉ ሰማቻቸው፤ አልተነሣችም፤ ኪዳን አመለጣት» ብዬ ጻፍሁ። ከዚህ በኋላ ሰዓቱ ታወቀ፣ አገሩ ታወቀ፣ የሴቲቱም ልማድ ታወቀ። ሐዘን የሚለው ቃል ከዐረፍተ ነገሩ ወጣ፤ ኪዳን አስታጕላ የማታውቅ ሴት የወፎቹን ጩኸት እየሰማች ተኝታ መቅረቷ የልቧን ነገር ለአንባቢው ይነግረዋልና፣ ደራሲው ደግሞ መናገር አላስፈለገውም።

እርማት ሲባል የፊደል ግድፈት መልቀም፣ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ በየቦታቸው ማኖር ብቻ የሚመስላቸው ወጣት ጸሓፊዎች አጋጥመውኛል። ይህም ሥራ ክብር ያለው ሥራ ነው፤ እኔ የማምነው ግን ልብ ወለድ እውነተኛ ልደቱን የሚያገኘው በእርማት ነው ብዬ ነው፤ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የሚሰፍረው አብዛኛውን ጊዜ ደራሲው ከሌሎች መጻሕፍት የሰማውና እጁ የለመደው ነገር ሲሆን፣ ዐይኑ ራሱ ያየው የሚመጣው ሲሠርዝና ሲመልስ ነው። የብራና ጸሓፍት አባቶቻችን ለዚህ ያላቸው ትዕግሥት ያስደንቀኛል። መቃ ብርዕ ቀርጾ፣ ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩን ለቅዱሳን ስምና ለአርእስቱ አዘጋጅቶ የሚጽፍ ካህን፣ ቃል ሲያስት ብራናውን በስለት ፍቆ በተፋቀው ላይ ይጽፋል፤ የዘለለውንም በመሥመሮች መካከል በደቃቅ ፊደል ያገባል። የቆየ መጽሐፍ ወደ ብርሃን አቅንቶ የተመለከተ ሰው፣ የተፋቀው ቦታ ሻከር ብሎና ሳስቶ ያገኘዋል፤ የጸሓፊው ድካም እንደ ተጻፈው ቃል ሁሉ በገጹ ላይ ይኖራል። የኅትመት መጽሐፍ ይህን ይሠውራል። በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከታተመው ከአፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ጀምሮ በ1958 ዓ.ም. እስከ ወጣው እስከ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ድረስ ያሉትን ስናነብ፣ በእጃችን የሚገባው የተጣራው ብቻ ነው፤ የተጣለውን አናይም። ኮምፒዩተር ደግሞ የሠረዝነውን ከደራሲው ዐይን ሳይቀር ያጠፋዋል፤ ስለዚህም የመጀመሪያውን ረቂቅ እስከ ዛሬ ባለ መሥመር ደብተር ላይ በስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ የሠረዝሁት ቃል ከሥር እየታየኝ አዲሱ ቃል ከእርሱ የተሻለ ስለ መሆኑ እንዲፈርድ እፈልጋለሁና።

በዚህ ነገር ላይ ከሰው ይልቅ ያስተማረችኝ ወፍ አለች። በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር በሚገኙት ግራሮች ላይ በሣር ጎጆ የሚሸምኑ ቢጫ ወፎች በብዛት ይሰፍራሉ። ጎጆውን የሚሠራው ወንዱ ነው፤ ለምለም ሣር ወይም የዘንባባ ቅጠል በመንቁሩ እየሰነጠቀ ያመጣና መጀመሪያ የሚቆምበትን ቀለበት፣ ቀጥሎ ክፍሉን፣ በመጨረሻም ወደ ታች የሚመለከተውን በር ይሸምናል፤ ከዚያም ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴቲቱን ይጠራል። እርሷ ገብታ ትመረምረዋለች፤ ከወደደችው ውስጡን በልዝብ ነገር ታለብሰዋለች፤ ካልወደደችው ትሄዳለች። ሣሩ አረንጓዴነቱን ትቶ ሲጠወልግ ጎጆው የሚፈልገው አይገኝም፤ በዚህን ጊዜ ወንዱ በገዛ መንቁሩ እየተረተረ ያፈርሰውና በዚያው ቅርንጫፍ ላይ በአዲስ ሣር እንደገና ይጀምራል። ምዕራፍ የሚጥል ደራሲ ከዚህ የሚለይበትን መንገድ አላውቅም። ምዕራፉ በተጻፈበት ቀን ለምለም የነበረ ቃል ከወራት በኋላ ጠውልጎ ሲገኝ፣ ቃሉን በቃል መተካት አያድነውም፤ ጎጆውን ማፍረስና ቅርንጫፉን ብቻ ማስቀረት ያስፈልጋል። እኔ በጥቅምት የጨረስሁትን ምዕራፍ እስከ ጥር ሳልከፍት የማቆየው ሣሩ መጠውለግ አለመጠውለጉን ለማወቅ ነው።

ከቀትር በኋላ ለእርማት ስቀመጥ ዐይኔ ከገጹ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ራስ ክምሩ ወዳበበበት ጥግ ነው። እዚያ የአበባውን ወለላ ለመቅሰም የምትመጣ፣ መንቁሯ እንደ መርፌ ቀጥኖ የታጠፈ ወፍ አለች፤ ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በሐበሻ ምድር ካደረገው ጉዞ ጋር ተያይዛ እ.ኤ.አ. በ1814 በተከዜ ወንዝ ስም ለሳይንስ ዓለም የተዋወቀችው ናት። ወንዱ በጥላ ውስጥ ሲታይ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው፤ ወደ ፀሓይ ሲዞር ደረቱ ሐምራዊ፣ ራሱ የመዳብ መልክ ይሆናል፤ ትንሽ ዘንበል ሲል እንደገና ይጠቁራል። ይህም ላባው በቀለም የተነከረ ስላልሆነና ብርሃኑን የሚሰብረው የላባው ረቂቅ አሠራር ስለ ሆነ ነው። «ጥቁር ወፍ» ብዬ ብጽፍ ትክክል ነኝ፤ «ሐምራዊ ወፍ» ብልም ትክክል ነኝ፤ ፀሓይዋ ከወዴት እንደ ነበረችና ተመልካቹ የት እንደ ቆመ ካልጻፍሁ ግን ሁለቱም ለአንባቢው ምንም አላሳዩትም። ስለዚህ አንድ ክፍል፣ አንድ ፊት ወይም አንድ ልብስ የተገለጸበትን አንቀጽ ሳርም፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደ ሆነ ከሁሉ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የመስቀል ወፍ ጉዳይ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚለውን ወዳጃችንን «እንደ መስቀል ወፍ» እያልን እንወቅሰዋለን፤ አነጋገሩም የሚያምርና ሁሉም የሚያውቀው ነው። እነዚያ በክረምቱ መውጫ ጥቁርና ቢጫ፣ ወይም ጥቁርና ቀይ ለብሰው በየሣሩ አናት ላይ የሚታዩት ወፎች ግን ወዴትም ያልሄዱ ናቸው፤ የመራቢያቸው ወራት ሲያልፍ ወንዶቹ ያን የክብር ልብሳቸውን አራግፈው እንደ ሴቶቹ ቡናማና ዥንጕርጕር ላባ ያወጣሉ፤ በበጋውም ከድንቢጥ ለመለየት በሚያስቸግር መልክ ከመንጋው ጋር እህል ይለቅማሉ። በዐይናችን ፊት ሳሉ ጠፉ እንላቸዋለን። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በጥር ወር በሚደረግ ሠርግ ላይ ቀይ የመስቀል ወፍ የሚያበርር ደራሲ ሳነብ ልቤ ቅር ይለዋል፤ ከዚህም በላይ በልብ ወለድ ውስጥ ስላሉት ሰዎች የማስብበትን መንገድ ለውጦብኛል። በሦስተኛው ምዕራፍ በታላቅ ድምቀት ገብቶ፣ ከዚያ ለረዥም ጊዜ ጠፍቶ፣ ደራሲው ሲፈልገው በዐሥራ አምስተኛው የሚመለስ ሰው በብዙ ድርሰቶቻችን ውስጥ አለ። በእርማት ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰው ሳገኝ፣ በመካከሉ ባሉት ምዕራፎች የት እንደ ዋለ፣ ምን እንደ በላ፣ ማን እንዳየውና ሳያውቀው እንዳለፈው በተለየ ደብተር እጽፋለሁ። ከዚያ ጽሑፍ አንድ መሥመር እንኳ ወደ መጽሐፉ ላይገባ ይችላል፤ ሰውየው ሲመለስ ግን ከአንድ ቦታ የመጣ ሰው ሆኖ ይመለሳል።

አገራችን ከ850 በላይ የሚሆኑ የወፍ ዐይነቶች ይገኙባታል። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ተዘዋውሮ፣ ጋጋኖን፣ መንቁረ ወፍራሙን ቁራና በማጅራቷ ነጭ ቀለበት ያላትን ርግብ ለአውሮጳ ሊቃውንት ገልጿል፤ የሦስቱም መኖሪያ ከሞላ ጎደል የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ነው። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውንም እ.ኤ.አ. በ1971 የኢትዮጵያን አዕዋፍ መዝግበው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳትመዋል። እነዚህ ሥራዎች ታላቅ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሆኖም ለልብ ወለድ ጸሓፊ የሚያስፈልገው ስም ሰዎቹ በአጥር ላይ ሆነው የሚጠሩት ስም ነው። ቋንቋችን በዚህ ደኻ አይደለም፤ የኦሪት ዘሌዋውያንን 11ኛ ምዕራፍ በአማርኛ የከፈተ ሰው ጭልፊትን፣ ጭላትን፣ እርኩምን፣ ጋጋኖን፣ ሽመላን፣ ሳቢሳንና ጅንጁላቴን በአንድ ገጽ ላይ ያገኛቸዋል። ይህ ሁሉ ሀብት እያለን በልብ ወለዶቻችን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትበርረው ስም የለሽ «ወፍ» መሆኗ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ይህን ማስታወሻ የሚያነቡትን ሁሉ አንድ ነገር እለምናለሁ። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ፣ በሸዋ ወይም በሌላ አውራጃ ያደጋችሁ አንባብያን፣ ጅራታቸው ረዝሞ በቡድን እንደ አይጥ በቅርንጫፍ ላይ የሚሽሎከሎኩትንና ኮክ የሚያበላሹትን ወፎች፣ ያቺን ማለዳ ቀድማ የምታፏጭ ባለ ነጭ ቅንድብ፣ ከራስ ክምር ወለላ የምትቀስመውንም እናንተ ዘንድ ምን እንደሚሏቸው ከወላጆቻችሁና ከአያቶቻችሁ ጠይቃችሁ፣ ስሙን ከነአገሩ ጽፋችሁ ላኩልኝ። አሁን በእጄ ያለው ልብ ወለድ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የሚደርሰኝን ስም ሁሉ በየምዕራፉ በተገቢው ቦታ አገባዋለሁ።