የአዶላ ወርቅ

ባለፈው ሳምንት በሓወልቲ «ወ»ን ስናስተምር በሰሌዳው ላይ «ወርቅ» ብለን ጻፍን። አንዲት እናት አነበቡና፣ «ልጆቼ፣ ቃሉንስ አነበብኩት። ወርቁ ራሱ ከወዴት ነው የሚመጣው?» አሉን። ስለዚህ ለዛሬው ገጽ አዶላን መረጥን።

አዶላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በጉጂ ምድር ይገኛል። ከኛ በጣም ሩቅ ነው። አገሩ ተራራማና አረንጓዴ ነው። አንፈራራ የሚባለው ጫካ እዚያ አለ። ትልልቅ ዝግባዎች አሉበት። የኛን ደረቅ ተራራ ለለመደ ሰው ያስደንቃል።

ወርቁ መጀመሪያ የተገኘው በወንዝ አሸዋ ውስጥ ነው። ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወርቅ በዓለት ውስጥ ይኖራል። ዓለቱ በብዙ ዘመን ይፈረፈራል። ጎርፍ ወርቁን ከአፈር ጋር ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ይህ ደለል ወርቅ ይባላል። ቆፋሪው አሸዋውን ከውሃ ጋር በገበቴ ያሽከረክራል። አሸዋው ቀላል ስለሆነ ከውሃው ጋር ይፈሳል። ወርቁ ከታች ይቀራል። ክብደቱ እንዴት ያለ ነው? በአንድ ሊትር ጣሳ ውሃ ብትሞሉ ውሃው 1 ኪሎ ይመዝናል። ያንኑ ጣሳ በወርቅ ብትሞሉት 19 ኪሎ ያልፋል! (ጣሳ ሙሉ ወርቅ ከተገኘ ነው እንግዲህ።)

ወርቁን መንግሥት ያዘው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እስረኞች ሳይቀሩ ወደ አዶላ እየተላኩ ቆፍረዋል። ከተማዋም «ክብረ መንግሥት» ተባለች። ስሙ ያምራል። እኛ ግን ስናነበው፣ «የቆፋሪውስ ክብር?» እንላለን።

በኋላ በለገደምቢ ወርቁን ከዓለት የሚያወጣ ትልቅ ማዕድን ተከፈተ። «ለጋ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። መንግሥት ማዕድኑን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1997 ለሚድሮክ በ172 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። የአካባቢው ሰዎች ግን፣ «ፍሳሹ ውሃችንን በከለ፤ ልጆቻችንንና ከብቶቻችንን ጎዳ» ብለው አቤት አሉ። ፈቃዱ ለ10 ዓመት መታደሱን ሲሰሙ ወጥተው ተቃወሙ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ታገደ። ሥራው እንደገና የተጀመረው ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

በኛም ትግራይ፣ በሽሬ አካባቢ፣ ወርቅ በእጅ የሚያወጡ ወገኖች አሉ። አንዳንዱ ሰው የወርቁን ብናኝ ለመሰብሰብ ባዘቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ ይጠቀማል። ከዚያ በእሳት ላይ ያተነዋል። እንፋሎቱ አይታይም፤ ግን ሳንባንና አንጎልን ይመርዛል። ይህን በቤት ውስጥ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ምድጃ አጠገብ ፈጽሞ አታድርጉ። ልጆችንና እርጉዝ ሴቶችን አርቁ። የተረፈውንም ባዘቃ ወደ ወንዝ አትድፉ።