ስልኩ ቢጠፋ ሰነዱ አብሮ እንዳይጠፋ

ፓስፖርቱ በአሠሪ መሳቢያ፣ ኮንትራቱ በመክተብ፣ የሐዋላ ደረሰኙ ደግሞ በስልክ ፎቶ ውስጥ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ የብዙ እህቶቻችን የሰነድ አያያዝ ይህን ይመስላል። ስልኩ በእጅ እስካለ ድረስ ችግሩ አይታይም። የተሰበረ፣ የተሰረቀ ወይም ጥለውት የወጡ ዕለት ግን የሁለት ዓመት ማስረጃ አብሮ ይሄዳል።

በአስተርጓሚነት በተቀመጥኩባቸው የደመወዝ ክርክሮች ቶሎ ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ «ዒንዲክ ዐቅድ?» የሚለው ነው፤ ኮንትራት አለሽ ወይ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የምተረጉመው መልስ «ስልኬ ላይ ነበረ» የሚል ነው። በዐረብኛ «ሰነድ» የሚለው ቃል መደገፊያ ማለትም ነው። መደገፊያ ደግሞ ሰው ሲወድቅ አብሮ የማይወድቅ መሆን አለበት።

ሣጥኗ እንዴት ትሠራለች?

በምትሠሩበት ቤት፣ ከዋይፋዩ ራውተር አጠገብ ቀንም ሌሊትም መብራቷ የማይጠፋ ትንሽ ሣጥን አይታችሁ ይሆናል። አንዳንድ ቤተሰቦች ፎቶና የካሜራ ቅጂ የሚያከማቹት በእንዲህ ዓይነቷ ሣጥን ነው። ውስጧ ሃርድ ዲስክ አለ፤ በራውተሩ በኩል ከኢንተርኔት ጋር ትገናኛለች። ማዳም ለዕረፍት ለንደን ሄዳም በስልኳ፣ በራሷ የይለፍ ቃል ገብታ ቤቷ ያለውን ፋይል ትከፍታለች። የሚያስፈልጋት ሦስት ነገር ነው፦ ሁልጊዜ የበራ ማከማቻ፣ ኢንተርኔትና የራሷ ቁልፍ።

እናንተም ይህንኑ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ሣጥን መግዛት ግን አያስፈልጋችሁም። በቤቱ ሣጥን ላይም ሰነዳችሁን አታስቀምጡ። ማን ምን እንደሚያይ የሚወስነው ሣጥኗን የሚያስተዳድረው ሰው ነው፤ ከዚያ ቤት የወጣችሁ ዕለት በሩ ሊዘጋባችሁ ይችላል።

ስልኩን የሰጠቻችሁ ማዳም ከሆነችም አንድ ነገር አጣሩ። ወደ ስልኩ ማስተካከያ ገብታችሁ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ ተመልከቱ። አካውንቱ የእሷ ከሆነ የምታነሱት ፎቶ እሷ ዘንድ ሊደርስ ይችላል።

የራሳችሁን ማኅደር ክፈቱ

የጉግል አካውንት በነፃ 15 ጊጋባይት ቦታ ይሰጣል። ቦታውን ኢሜይል፣ ድራይቭና ፎቶ ይጋሩታል። የአንድ ገጽ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ለሰነድ ከበቂ በላይ ነው።

• አካውንቱን በራሳችሁ ስም ክፈቱ። የይለፍ ቃሉ ስማችሁ፣ የልደት ቀናችሁ ወይም ስልክ ቁጥራችሁ አይሁን። እናንተ ብቻ የምታውቁትን ረዘም ያለ ሐረግ ምረጡ።

• በድራይቭ ላይ አንድ ፎልደር ክፈቱ። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ኢቃማ፣ የኮንትራቱን እያንዳንዱን ገጽ፣ የደመወዝና የሐዋላ ደረሰኞችን፣ የአውሮፕላን ትኬትና የሕክምና ወረቀት አስገቡ። የምትሠሩበትን ቤት አድራሻና የኤምባሲውን ስልክም ጻፉበት።

• ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሱ፤ አራቱም ማዕዘን ይታይ፤ ማኅተሙና ቁጥሩ ይነበብ። ስሙን «ደመወዝ 2025-03» በሚል ዓይነት ብትሰጡት ወሩን ፍለጋ አትደክሙም።

• ፎልደሩን አገር ቤት ላለ ለምታምኑት አንድ ሰው በኢሜይሉ አጋሩ፤ ማየት ብቻ እንዲችል አድርጉ። እናንተ መግባት ቢያቅታችሁ እሱ ይከፍተዋል፤ በስሕተት ግን ሊሰርዘው አይችልም።

የቤቱን ልጆች፣ እንግዶችና የቤቱን ውስጥ ፎቶ እዚያ አታስገቡ። ሰውን ያለ ፈቃዱ ፎቶ ማንሳት በእነዚህ አገሮች ሊያስከስስ ይችላል። ማኅደሩ የእናንተ ወረቀት ብቻ ይሁን።

ብዙዎች የሚቸገሩበት ቦታ

በአዲስ ስልክ ለመግባት ስትሞክሩ ጉግል በኤስኤምኤስ ኮድ ሊልክ ይችላል። ሲም ካርዱ በአሠሪ ስም ከሆነና ከተዘጋ፣ ወይም ከጠፋው ስልክ ጋር ከቀረ፣ የይለፍ ቃሉን እያወቃችሁ ውጭ ትቀራላችሁ።

መፍትሔው አስቀድሞ ይዘጋጃል። በአካውንቱ የደኅንነት ገጽ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አብሩና የምትኬ ኮዶችን አውጡ። 10 ኮድ ይሰጣችኋል፤ እያንዳንዱ 8 አኃዝ ያለው ሲሆን አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። በወረቀት ጽፋችሁ ከስልኩ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ጥቂቶቹን አገር ቤት ያለችው እህታችሁ ወይም እናታችሁ ትያዝላችሁ። የይለፍ ቃሉና ኮዱ በአንድ ወረቀት ላይ አይጻፉ። «ከባንክ ነኝ»፣ «ከጉግል ነኝ» ብሎ ደውሎ ኮድ ለሚጠይቅ ሰው ፈጽሞ አትስጡ፤ ሌባ ነው።

ከዚያ ሞክሩት። በዕረፍት ቀናችሁ በጓደኛችሁ ስልክ ግቡ። የይለፍ ቃሉ ይቀመጥ ወይ ተብላችሁ ስትጠየቁ እምቢ በሉ፤ ፓስፖርታችሁን ካያችሁ በኋላ አካውንቱን ዘግታችሁ ውጡ። በሰው ስልክ ካልተከፈተ ማኅደሩ ገና አልተዘጋጀም።

ቅጂው ምን ይጠቅማል?

ቅጂ ዋናውን አይተካም። ድንበር አያሻግርም፣ ባንክም ላይቀበለው ይችላል። ነገር ግን ፓስፖርት ለጠፋባት ሴት ኤምባሲው ማንነቷን ለማጣራት የፓስፖርት ቁጥሩ መንገድ ያሳጥርለታል። በደመወዝ ክርክርም ቀንና መጠን ያለበት ወረቀት ይዞ መቅረብ በቃል ብቻ ከመናገር ይሻላል።

ዋናውንም ቢሆን በእጃችሁ መያዝ መብት የሆነባቸው አገሮች አሉ። የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68/2015 አሠሪ የሠራተኛዋን ፓስፖርት ያለ ፈቃዷ እንዳይዝ ይከለክላል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ድንጋጌ ቁጥር 9/2022ም የመታወቂያ ሰነዶች በሠራተኛዋ እጅ እንዲቆዩ ይፈቅዳል። ሕጉ በወረቀት፣ ፓስፖርቱ በመሳቢያ ሆኖ የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው። ፓስፖርቱ ለአንድ ጉዳይ በእጃችሁ የገባ ዕለት ፎቶ አንስታችሁ ወዲያው ወደ ማኅደሩ ላኩት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል አካውንት ከነፋይሉ ሊሰርዘው ይችላል። ሁለት ዓመት የአንድ ኮንትራት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ደመወዝ በተቀበላችሁ ቁጥር ግቡ፤ የወሩን ደረሰኝ አስገቡ፤ የቀሩትንም ኮዶች ቁጠሩ።