ወጣት ተመራማሪ ከቶክሲኮሎጂ ጉባኤ ምን ይዞ ይመለሳል?



ስለ ሳይንሳዊ ጉባኤ እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን የእናቴ ማድቤት ነው። ደብረ ወርቅ ባደግሁበት ዘመን ጓያ በተጣደ ቀን እኛ ልጆች ወደ ምድጃው እንዳንጠጋ እንከለከል ነበር። እንፋሎቱ ይሰብራል ይባላል። እናቴ ራሷ ድስቱን ስትከፍት በነጠላዋ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ፊቷን ታዞር ነበር። በገበያ ቀን ደግሞ በምርኩዝ የሚሄዱ፣ ጉልበታቸው እየተቆላለፈ በእግራቸው ጣት ጫፍ የሚረግጡ ሰዎች እናይ ነበር። «ጓያ የሰበረው ነው» ይሉናል፤ ከዚያ ያለፈ ማብራሪያ አልነበረም።

ማብራሪያው ግን በሌላ ስፍራ ተገኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ ተመራማሪዎች በጓያ ፍሬ ውስጥ ቤታ ኦዳፕ የተባለውን አሚኖ አሲድ ለይተው አውጥተዋል። ይህ ንጥረ ነገር የነርቭ ሕዋሳትን ከልክ በላይ እያነቃቃ ይጎዳል። በሽታው የሚመጣው ከእንፋሎቱ ሳይሆን ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ነው። ድርቅ ሌላውን እህል ሲያጠፋ ጓያ ይተርፋል፤ ሌላ የሚበላ ያጣው ቤተሰብም በእርሱ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ዕውቀቱ በመጽሔት ታትሞ ሳለ፣ ፍርሃቱ በተሳሳተ ቦታ ላይ ተተክሎ በአንድ ዘመን አብረው ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ጉባኤ የሚያስፈልገው ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ መጀመሪያው ጉባኤዬ ልውሰዳችሁ። የማስተርስ ጥናቴን እንደ ጨረስሁ በውጭ አገር በተካሄደ አንድ የቶክሲኮሎጂ ጉባኤ ላይ ፖስተር እንዳቀርብ ተፈቀደልኝ። ከትውልድ አካባቢዬ ገበሬዎች የሰበሰብሁትን የጓያ ናሙና ፈጭቼ የኦዳፕ መጠኑን ለክቼ ነበር። ቁጥሮቼ ንጹሕ፣ ሰንጠረዦቼም ያማሩ ነበሩ። ከሰሌዳው አጠገብ ሁለት ሰዓት ያህል ቆምሁ፤ ሰው ያልፋል፣ ርእሱን ያነብባል፣ ይሄዳል። ያደግሁት ታላቅ ሰው ሳይጠራህ ቀርበህ አትናገርም በሚባልበት ቤት ስለሆነ እኔም ማንንም አልጠራሁም። ይህ ጨዋነት በገዛ አገራችን መልካም ነው፤ በፖስተር ሰሌዳ አጠገብ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

በመጨረሻ አንዲት በዕድሜ የገፉ ተመራማሪ ቆሙና ሰንጠረዡን ረጋ ብለው አነበቡ። ከዚያም «የለካኸው ጥሬውን ነው። በእናንተ ዘንድ ሰው ጥሬውን ይበላል?» አሉኝ። አብስለን እንደምንበላው ነገርኋቸው። «እንዴት?» አሉ። ሽሮ እንደሚሆን፣ እንደሚቀቀል፣ ቆሎና ቂጣም እንደሚደረግ ዘረዘርሁ። «ታዲያ ከእነዚህ የትኛውን ለካህ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። የሁለት ዓመት ሥራዬ ማንም በዋናነት በማይበላው መልክ ላይ የተሠራ መሆኑን በዚያች ቅጽበት አወቅሁ።

የበለጠ ያሳፈረኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በላንሴት መጽሔት የታተመ፣ ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ በአገራችን ያካሄዱት ጥናት ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ እንደ ነበር ነገሩኝ። በጥናቱ መሠረት ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎ ወይም በእሸትነቱ መብላት ለሽባነት የመጋለጥ ዕድልን ሲጨምር፣ በወጥ መልክ ወይም አቡክቶና ጋግሮ መብላት ግን እንዲህ ያለ ግንኙነት አልታየበትም። ኢትዮጵያዊ ያጠናውን የአገሬን ነገር በሰው አገር፣ በፖስተር ፊት ቆሜ ሰማሁ።

ሴትዮዋ ግን በነቀፋ አልተለዩኝም። በጉባኤው መርሐ ግብር ጀርባ ላይ አንድ ሰንጠረዥ ነደፉልኝ፤ በአንድ በኩል የአበሳሰል ዓይነቶች፣ በሌላው የመዘፍዘፊያ ሰዓት፣ በመጨረሻም የሚደፋው ውኃ መጠን። ኦዳፕ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ የተዘፈዘፈበትን ውኃ መድፋት መጠኑን ይቀንሰዋል። ከዚያም እጄን ይዘው፣ ዘዴውን በየዕለቱ ከሚሠራበት አንድ ኬሚስት ዘንድ ወሰዱኝ። እርሱም የአለካክ ሥርዓቱን ከነስሕተቶቹ ጽፎ ላከልኝ። በታተመ ጽሑፍ ውስጥ ስሕተቶቹ አይጻፉም፤ ይህን ያገኘሁት በሻይ ዕረፍት ነው።

በዚያ ክረምት ሚዛንና ሰዓት ይዤ እናቴ ማድቤት ተቀመጥሁ። ስንት ጊዜ እንደምትዘፈዝፍ፣ ውኃውን ምን እንደምታደርገው ስጠይቃት «ይህን ለመጠየቅ ነው ባሕር የተሻገርኸው?» አለችኝ። ውኃውን ትደፋዋለች። ለምን እንደምትደፋው ስጠይቃት እናቷም እንደዚያ ታደርግ እንደ ነበር ነገረችኝ።

ይህን የግል ታሪክ ያስቀደምሁት ስለ ትውውቅ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ስለ ስም ካርድ መበተን ስለሚመስል ነው። በእኔ ዕይታ ትውውቅ ማለት የጋራ ጥያቄ ማግኘት ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 27 እስከ 29 ቀን 1995 በአዲስ አበባ ስለ ጓያና ስለሚያስከትለው ሽባነት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። ከዚያ ቀደም በ1985 በፈረንሳይ ፖ ከተማ ተመሳሳይ ስብሰባ ስለ ነበር የአዲስ አበባው የአሥር ዓመት ጉዞ መመዘኛ ነበር። የጉባኤውን ጽሑፎች ያዘጋጁት የነርቭ ሐኪሙ ረዳ ተክለ ሃይማኖትና የቤልጂጉ ፈርናንድ ላምባይን ናቸው። በ1999 በላንሴት ስለ ኢትዮጵያ የጓያ ሽባነት ወረርሽኝ የወጣውን ጽሑፍ ብትመለከቱ ሁለቱ ስሞች ከኃይለየሱስ ጌታሁን ስም ጋር ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ። ጉባኤው ጽሑፉን ወለደ ብዬ አልደመድምም፤ የደራስያንን ስም ማንበብ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ የሚያሳይ ካርታ ነው፤ ተማሪዎች ከጉባኤ በፊት እንዲህ አድርገው እንዲያነቡ እመክራለሁ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው የእንዶድ ታሪክ ነው። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በአገር ተክል መግደል ይቻላል ማለት ነበር። ነገር ግን አንድን ነገር ወደ ወንዝ ለመጨመር ለሰውና ለሌሎች ፍጥረታት ያለው ጉዳት ተመዝኖ መታወቅ አለበት፤ ምዘናውም ዓለም አቀፍ ተቋማት በሚቀበሉት የቤተ ሙከራ ሥርዓት መሠራት አለበት። የእንዶድን የደኅንነት ምዘና የሚያቀርበው ጽሑፍ በአንድ የቶክሲኮሎጂ መጽሔት የታተመው በ1991 ነው። ከዐድዋው ምልከታ 27 ዓመት በኋላ ማለት ነው! አክሊሉና ባልደረባው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት እንኳ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። መዘግየቱ የሳይንስ ብቻ አልነበረም፤ የገንዘብና የሥልጣን ጉዳይም አለበት። ሆኖም ከዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር እወስዳለሁ፦ ለተቆጣጣሪ አካል የሚቀርብ መረጃ እንዴት እንደሚሰናዳ የሚያውቅ ሰው የሚገኘው በጉባኤ ነው። ዋናው ስብሰባ ከመከፈቱ በፊት የሚሰጡ አጫጭር ኮርሶች ካሉ አያምልጧችሁ፤ ከታላላቆቹ ንግግሮች ይልቅ እነርሱ ይጠቅማሉ።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። በ1961 የተመሠረተው የአሜሪካ የቶክሲኮሎጂ ማኅበር የአፍሪካ ተወላጆች የሚሰባሰቡበት ቡድን አለው፤ ዓለም አቀፉ የቶክሲኮሎጂ ኅብረትም ለታዳጊ አገሮች የተለየ ጉባኤ ያዘጋጃል። የጉዞ ድጋፍ ይገኛል፤ የማመልከቻው ቀን ግን ከጉባኤው ወራት ቀድሞ ያልፋል፤ ቪዛውም እንዲሁ ጊዜ ይበላል። ልታነጋግሯቸው የምትፈልጉ ሦስት ሰዎች ምረጡ፣ ቀድማችሁ ጻፉላቸው። ያልተሳካውን ሙከራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰው የሚረዳችሁ በእርሱ ነው። በተመለሳችሁ በሳምንቱ ደግሞ የገባችሁትን ቃል ፈጽሙ፤ እኔ ሁለት ሰዎችን ያጣሁት የተጠየቅሁትን ናሙና በማዘግየቴ ነው።

የጎጃም የቅኔ ተማሪ በአንድ መምህር አይረካም፤ አንዱ ዘንድ ከተቀኘ በኋላ ሌላው ምን እንደሚል ለመስማት አገር አቋርጦ ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ልማድ ለእኛ እንግዳ ነው የሚሉኝን አልቀበልም። ልዩነቱ የቅኔ ተማሪው ፊት ለፊት ተነሥቶ መናገር አለበት፤ እኛ ግን ከፖስተራችን ጀርባ መቆም እንችላለን።

ያ የመርሐ ግብር ወረቀት አሁንም አለኝ። ከረድፎቹ አንዱ፣ የእሸቱ ረድፍ፣ እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ እሸት የሚገኝበት ወቅት አጭር ነው፣ ከማሳ እስከ ቤተ ሙከራም መንገዱ ሩቅ ነው። በዚህ ዓመት ከእናንተ መካከል ወደ እናርጅ እናውጋ ማሳ ወርዶ ሊሰበስብ የሚፈልግ ካለ፣ ከንግግሩ በኋላ ያነጋግረኝ።